ቀኝ እግሬና ለብ ያለው ውሃ

ይህን የምጽፈው እግር ላለው ሰው ሁሉ ነው፤ ይልቁንም እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ለሚውል። ጸሐፊ አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ ተዳርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የማነሣው ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ስታመጣ ለመፈረም ብቻ ነው። ሆኖም ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ከዚህ ቤት ከወጣሁ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እጽፋለሁ፣ የሚስቅብኝም ይሳቅ አልኩ። ይኸው።

ስሜ ስመኝ ነው። ከደብረ ማርቆስ ዝቅ ብሎ፣ ከከተማው የሚወርደው ወንዝ ዳር እንኖራለን። ባሌ አለኸኝ ውሃውን በሞተር እየሳበ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ያለማል። እኔ ደግሞ ካሮት አጥባለሁ። ካሮት አጥቦ የማያውቅ ሰው ገበያ ላይ የሚያብረቀርቀውን ሲያይ እንደዚያው ሆኖ የበቀለ ይመስለዋል። ከመሬት የሚወጣው ግን ጭቃ የለበሰ ነገር ነው። የወንዙን ጥግ በድንጋይ እንገድብና ሸራ እናነጥፋለን፤ ካሮቱን ከነጭቃው እንዘረግፍበታለን፤ ከዚያ ሦስት አራት ሴቶች ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን በባዶ እግራችን እንረግጠዋለን። ካሮት ለካሮት ሲፋተግ ጭቃው ይለቅና እንደ አዲስ ጫማ ያበራል። ነጋዴ ያላበራ ካሮት አይገዛም። በጫማ እንዳንረግጥ ደግሞ ጫማ ካሮቱን ይልጠዋል፤ የተላጠ ካሮት ሳያድር ይጠቁራል።

ውሃው ድሮ ንጹሕ ነበር እያልኩ አላላቅስም። እኔ ከተዳርኩ ወዲህ ንጹሕ ሆኖ አላየሁትም። በክረምት ይደፈርሳል፤ በበጋ ይመነምንና የከተማውን ቦይ ሁሉ እየተቀበለ ይወርዳል። አንዳንድ ቀን የሳሙና አረፋ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ስሙን የማናውቀው ሽታ። ሽታው ሲብስ "ዛሬ ማርቆስ ገላዋን ታጥባለች" እያልን እንስቅ ነበር። የሳቅነው ስለማይመለከተን ነው። የምንጠጣውን ከቦኖ እንቀዳለን፤ ወንዙ ለእግርና ለካሮት ነው ብለን እናስብ ነበር።

የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ጾም ሲገባ ካሮት ይፈለጋል፤ እኛም ቀን ሙሉ ስንረግጥ እንውላለን። የሆነ ነገር በትንሿና በቀጣይዋ ጣቴ መካከል ወጋኝ። እግሬን ሳወጣ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ደሙ ትንሽ ነበር። አብራኝ የምትረግጠው ጎረቤቴ የዝና ወደ ቤቷ ሮጣ ሄደችና አንድ ካፕሱል ይዛ መጣች። በጥርሷ ከፈተችውና ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችው።

"ይኼ ከየት የመጣ ነው?" አልኳት።

"ለጥርሴ ታዝዞልኝ ነበር። ሕመሙ ሲተወኝ እኔም ተውሁት።"

"ቆጣቢ ነሽ።"

"ምን ታደርጊዋለሽ፣ መድኃኒት አይጣል።"

አትፍረዱባት። እኔም ቤት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከዚህም ከዚያም የተራረፈ ክኒን አለ። ለጉሮሮ የታዘዘው ለሆድ ይዋጣል፤ ለሰው የታዘዘው ለዶሮ ይበጠበጣል። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው። ቁስሌን በጨርቅ አሰርኩና ካሮቱን ረግጬ ጨረስኩ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ቁስሉም እንደዚያ አደረገኝ። በላይ በላይ ደረቀ፤ በውስጥ ግን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ከተማ ወጥቼ ለአንድ መድኃኒት ሻጭ ነገርኩት፤ እግሬን ሳያይ ክኒን ሰጠኝ። ሲሻለኝ አቆምኩና የቀረውን ጣሳው ውስጥ ከተትኩት። እንደገና ሲያመኝ ከጣሳው አውጥቼ ዋጥኩ። በመሃል ካሮት መርገጡን አልተውኩም። ጾሙ ሲጋመስ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ።

ያኔ አለኸኝ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። ባለሙያው ከጠረጴዛው ሳይነሣ አንገቱን አዘንብሎ አየኝና "ዝሆኔ ነው" አለ።

ዝሆኔ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ሲረግጡ የኖሩ ሰዎችን እግር የሚያሳብጥ በሽታ ነው። አይተላለፍም። ሰው ግን በዘር ነው ብሎ ይሸሻል፤ ከዚያ ቤት ልጅ አይወስድም። ባለሙያው ጠዋትና ማታ በሳሙናና ጨው ባለበት ውሃ እየታጠብኩ ጫማ እንዳደርግ መከረኝ። ምክሩ ለዝሆኔ ትክክል እንደሆነ በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የእኔ ግን ዝሆኔ አልነበረም፤ ዝሆኔ እንደዚያ አይመግልም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። አማቴ ልጃቸውን ወደ ጓሮ ጠርተው ሲያናግሩት በግድግዳው ይሰማኛል። "ዘር ይጠየቅ ብዬህ ነበር። እንግዲህ ያቺን ልጅ ማን ያገባታል?" አሉት። "ያቺ ልጅ" ያሏት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ህሊና ናት። ደሜ ፈላ።

"እማማ!" አልኩ ከውስጥ ሆኜ። "የእኔ ዘር ሁሉ ሁለት ሁለት እግር ነው ያለው። ካላመኑ አባቴ አገር ይጁቤ ወርደው ይቁጠሩ!"

አለኸኝ ሳቁን ዋጠ። አማቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የተነሣሁበትን በርጩማ በአመድ ይፈትጉት ገቡ። ሲፈትጉት እያየሁ ዝም አልኩ፤ ያ ዝምታ ከቁስሉ ይልቅ ያመኝ ነበር።

የሚያጥበኝ ባሌ ነው። ጎንበስ ስል ራሴን ያዞረኛል፤ እሱም ለማንም አሳልፎ አልሰጠኝም። በጸሎተ ሐሙስ ቄስ የምእመኑን እግር ሲያጥብ አይተናል፤ ባል የሚስቱን እግር ሲያጥብ ግን በእኛ ሰፈር ማን አይቶ ያውቃል? አለኸኝ በሩን ይዘጋና ውሃ በድስት ያፈላል፤ ጨው ይጨምርበታል፤ ሳፋው ላይ ይገለብጠዋል፤ ከጀሪካኑ ቀዝቃዛ እየደባለቀ፣ ለሕፃን ገላ እንደሚደረገው በክርኑ ይለካዋል። "ፈጀሽ?" ይለኛል። አይፈጅም። ለብ ያለ ነው፤ ደስ ይላል። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ወቅት ወድጄው አላውቅም።

እግሬ ግን ባሰበት። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ብርድ ብርድ አለኝ፤ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ፤ ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ባቴ ቀይ መስመር ተሰመረ። አለኸኝ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰደኝ።

ወረፋው ረጅም ነበር። እግሬን ወደ ታች ሳደርገው ልቤ እግሬ ውስጥ የምትመታ ይመስለኛል። አግዳሚው ሞልቶ ስለነበር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች አንዲት ሴት ምንም ሳትለኝ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጠፈችና ከተረከዜ ሥር አደረገችልኝ። መግሉ ነክቶባታል። ስሟን ሳልጠይቃት ተጠራችና ነጠላዋን ይዛ ገባች። ከሕመሜ ሁሉ ያልረሳሁት አንዱ ነገር እሱ ነው።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ገና ፋሻው ሲፈታ ፊቷ ተለወጠ። "ማነው ዝሆኔ ነው ያለዎት?" አለችኝ። አስተኙኝ። ግሉኮስ ተሰካልኝ፤ መርፌ ተጀመረ፤ ቁስሉን ከፍተው ሲጠርጉት ቅዱሳኑን ሁሉ ጠራሁ። ከመግሉ ቀንሰው ለምርመራ ላኩት። ባክቴሪያውን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያዩበት ምርመራ ነው፤ ካልቸር ይሉታል። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ብዙዎቹን መድኃኒቶች ለምዷቸዋል" አለችኝ።

"እኔ እኮ ብዙም አልወሰድኩ። እንዴት እለምዳለሁ?"

"የለመዱት እርስዎ አይደሉም፤ ባክቴሪያው ነው። መድኃኒት በግማሽ ሲቋረጥ ደካሞቹ ይሞታሉ፤ ብርቱዎቹ ይቀራሉ። የቀሩት ይራባሉ። መቋቋሚያውንም ለሌላው ባክቴሪያ ያቀብላሉ።"

"በእኔ እግር ውስጥ?"

"በእግርዎም፣ በከብትም፣ በውሃም።"

ያን ጊዜ ውሃ ስትል አልሰማኋትም። ሰማሁ እንጂ አላዳመጥኩም ማለት ይሻላል። እሷ የምታወራልኝ ስለ እግሬ ነው፤ እኔ የማስበው ስለ ህሊና ነበር።

ባክቴሪያውን የሚገድሉት ሁለት መድኃኒቶች ብቻ ቀርተው ነበር፤ አንዱ ሠራልኝ። ፋሲካን እዚያው ዋልኩ፤ የጎን ታማሚዬ ቤተሰቦች የራሳቸውን ዶሮ አካፈሉኝ። እብጠቱ ጎደለ፤ ቁስሉ ቀይ ሥጋ አበቀለ። "ቤትዎ ሆነው በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠቡ፤ በንጹሕ ጎዝ ይሸፍኑት" ብለው አሰናበቱኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ እየሳቅኩ ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ አለኸኝ እጥበቱን ቀጠለ። ሳምንት ሳይሞላ ጣቶቼ መካከል ያ ሽታ ተመለሰ። እሱም ደንግጦ ማጠቡን አበዛው፤ ከጠዋትና ማታው ላይ ቀትርንም ጨመረ። ባጠበኝ ቁጥር ይብስብኛል፤ ሲብስብኝ ይበልጥ ያጥበኛል። ሁለታችንም አልነቃንም። ማን ይነቃል? ውሃው ፈልቷል፤ ጨውም አለበት፤ የሚያጥበኝ ደግሞ ከማንም በላይ የሚሳሳልኝ ሰው ነው። ሰኔ ሲገባ ሁለቱ ጣቶቼ ጠቆሩ። ተመልሰን ሆስፒታል ሄድን።

በዚህ ጊዜ ከሐኪሟ ጋር የቀዶ ሕክምና ሐኪም መጣ። ከቅላቱ ዳርቻ ከፍ አድርጎ በእስክሪብቶ ባቴ ላይ አሰመረ። "ቅላቱ ይህን መስመር አልፎ ከወጣ ደሙን ይመርዘዋል" አለ። "ያን ጊዜ ከጉልበት በታች ቆርጠን ሕይወትዎን እናተርፋለን። እስከ ሰኞ እንታገሥ።" የቀረችው መድኃኒት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም በከተማው የለችም፤ ባሕር ዳር ትፈለጋለች ተባለ። ጥጃችን በማግስቱ ተሸጠች።

አለኸኝ ሊሄድ ሲል ፋሻ የምትቀይርልኝ ነርስ መጣች። ትልቅ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ሐኪሞቹ ደኅና የነበረው ቁስል ለምን እንደተመለሰ ግራ ገብቷቸዋል።

"ቤት ውስጥ ቁስሉን ማነው የሚያጥበው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አለ አለኸኝ፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ። "አንድ ቀን አላሳለፍሁም።"

"ጎበዝ ነዎት። እንዴት እንደሚያደርጉት እስቲ ይንገሩኝ።"

"ውሃ አፈላለሁ፤ እስኪንተከተክ ድረስ። ጨው እጨምራለሁ። ከዚያ ሳፋው ላይ ገልብጨ ለብ አደርገዋለሁ። እንዳለ ካደረግሁትማ ይልጣታል።"

"በምንድን ነው ለብ የሚያደርጉት?"

"በቀዝቃዛ ውሃ ነዋ፣ ሲስተር።"

"ቀዝቃዛውም ፈልቶ የቀዘቀዘ ነው?"

አለኸኝ ወደ እኔ ዞረ።

"ከጀሪካኑ ነው" አልኩ እኔ።

"ጀሪካኑስ ከየት ይቀዳል?"

ጀሪካኑን ከወንዙ የምትሞላው ህሊና ናት። ለመጠጥ ቦኖ እንሰለፋለን፤ ለእጥበት ግን ማን ይሰለፋል? ስንረግጥበት ከምንውለው ውሃ፣ የከተማውን ቦይ ሁሉ ከሚቀበለው፣ አለኸኝ እየጨለፈ ጠዋትና ማታ በቁስሌ ላይ ሲያፈስብኝ ከርሟል። ሰው ውሃ አፍልቶ በቀዝቃዛ ሲያለዝብ ኖሯል፤ እናቶቻችን ያጠቡንም እንደዚያው ነው። አፍልታችሁ አቀዝቅዙ ሲሉን እኛ የገባን አፍልታችሁ ለብ አድርጉ ነው።

ነርሷ አልተቆጣችም። "ያልፈላው ከገባበት የፈላው ሁሉ ከንቱ ነው" ብላ ብቻ ፋሻውን መጠቅለል ቀጠለች።

እኔ ግን ተቆጣሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ገደልከኝ እኮ!" ብዬ ጮህኩበት። የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

"እኔ እንዳይፈጅሽ ብየ ነው" አለ። ኮፍያውን አንሥቶ ለባሕር ዳር መኪና ወጣ።

ሐኪሟ ስትመጣ ሁሉን ነገርኳት። "ከወንዙ ለመያዝዎ በእጄ ማስረጃ የለኝም" አለችኝ። "ውሃውን አልመረመርነውም። ግን ከወንዙ ግርጌ የሚመጡ ቁስሎች እንዲህ እልኸኛ ሲሆኑ ማየት ጀምሬያለሁ። ከሰው፣ ከከብት፣ ከዶሮ የሚወጣው ሁሉ ታጥቦ እዚያ ይገባል፤ የመድኃኒቱም ርዝራዥ አብሮ ይወርዳል። መድኃኒት የለመደውና ያልለመደው እዚያ ይገናኛሉ።" እኔና የዝና ደግሞ መካከላቸው ገብተን እንረግጣለን ማለት ነው። ያን ቀን ሳቅ አልመጣልኝም።

አባቴ የመጡት በማግስቱ ነው። ከይጁቤ ወዲያ ያለ ገበሬ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። እግሬን ገልጠው አዩ፤ አፍንጫቸውን አልያዙም። ከዚያ ሐኪሟን ከበሩ ውጭ አነጋገሯት። እጇን ከጉልበቷ በታች አድርጋ ስታሳያቸው በመስኮቱ ይታየኛል። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋቢያቸውን አጣፉ። ተመልሰው ይገባሉ ብዬ ስጠብቅ ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

እናቴ ካረፉ ቆይተዋል። አባቴ ደግሞ እንደዚያ ሲሄዱብኝ፣ ባሌ በቁጣዬ ተሸኝቶ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ባዶ ሜዳ ላይ የተጣልኩ መሰለኝ። ተስፋ ቆርጠው ነው የሄዱት አልኩ። መብራቱ ሲቀንስ እስክሪብቶው ያሰመረውን መስመር በጣቴ እየዳበስኩ ቅላቱ ከታች ይሁን ከላይ ለማየት እሞክራለሁ። ስለ ሞት አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ትንንሽ ነገር ነው፤ በአንድ እግር ሽንት ቤት እንዴት ይቀመጣል? አማቴ በርጩማውን ያን ጊዜ ደግሞ በምን ይፈትጉታል? የጎን ታማሚዬ ስወራጭ ሰምታ "አይዞሽ፣ አልነጋም እንጂ ይነጋል" ትለኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቅላቱ መስመሩን ነካ። ነርሷ አየችው፤ እኔም አየሁት። አለኸኝ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። መድኃኒቱን በረዶ በያዘ ዕቃ ታቅፎ፣ ከመነኻሪያ ሮጦ። ዓይኑ ቀልቷል። መርፌው እስኪገባ ድረስ ወደ እኔ አላየም።

"ና ቅረብ" አልኩት። መጣ። "አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲሉ ሰምተህ አታውቅም?"

ሳቅ ሲጀምር ልቅሶ ሆነበት። አልጋው ብረት ላይ ግንባሩን ደግፎ ተንሰቀሰቀ። ፀጉሩን ዳሰስኩት፤ አቧራ ነው። እውነቱን ለመናገር ቁጣዬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም ነበር። ግን አጠገቤ እንዲሆን እፈልግ ነበር።

እሑድ ቅላቱ መስመሩ ላይ ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። አለኸኝ በየሰዓቱ እየገለጠ ያያል፤ "አልፏል?" እለዋለሁ፤ "እዚያው ነው" ይለኛል። ሰኞ ጠዋት የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ሲመጣ ልብሱን አይቼ ሊወስደኝ እንደሆነ ገባኝ። ጎንበስ ብሎ አየ። በአውራ ጣቱ ተጫነው። መነጽሩን ከፍ አድርጎ እንደገና አየ።

"ሸሽቷል" አለ። በመስመሩና በቅላቱ መካከል አንዲት የጣት ስፋት የምታህል ደኅና ቆዳ ወጥታለች። "እግሩን አልነካም። ሁለቱን ጣቶች ግን ማትረፍ አይቻልም።"

"ውሰዷቸው" አልኩ። "ይዛችሁልኝ ሂዱ!"

ከቀዶ ሕክምና ስወጣ ከበሩ አጠገብ ያየሁት የመጀመሪያ ሰው አባቴን ነው። ጫማቸው በአፈር ተለውሷል። ነርሷ በጎዝ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ሰጠቻቸው። በእኛ ዘንድ ከሰው አካል የተቆረጠ አይጣልም፤ ቤተሰቡ ወስዶ ይቀብረዋል። አባቴ ጥቅሏን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ። እኔም የማደንዘዣው ድካም ስለነበረብኝ ምንም አልጠየቅሁ።

ቁስሉ እስኪጠግግ ክረምቱ አለፈ። አለኸኝ አሁንም የሚያጥበኝ እሱ ነው፤ ውሃውን አፍልቶ፣ ከድኖ፣ እስኪበርድ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል። ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። አማቴ አንድ ቀን ሲጠብቁ አይተውት "ይህ ሁሉ ለአንድ እግር" አሉ፤ ቆይተው ግን ክዳኑን ራሳቸው አስተካከሉት። በርጩማውንም መፈተግ ትተዋል፤ ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁ።

ሰፈሬን አስጠንቅቄያለሁ። የዝና ቦቲ ገዝታለች። ካሮቱ ተላጠ እያለች ትማረራለች፤ ግን ታደርገዋለች። ሌሎቹ ሳቁብኝ። ነጋዴው ደግሞ "ወሬ አታብዢ፣ ገበያ ታበላሺያለሽ" ብሎኛል። እሱ ምን ይሁን፤ ካሮቱን ከተማ የሚበላው ሰው እንዴት እንደታጠበ አያውቅም፤ ጥሬውን ለሰላጣ ይፈቀፍቀዋል። የምታነቡኝ ከተሜዎች ከሆናችሁ በንጹሕ ውሃ እንደገና እጠቡት። ጣሳ ውስጥ የተጠራቀመ ክኒን ያላችሁም ለጎረቤት አታካፍሉት። የተሰጣችሁን ጨርሱት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ የዋጣችሁትንም ለሐኪም አትደብቁ። ወንዙን ግን እኔ ምን ላድርገው? እሱን ማጽዳት ከእኔ እግር በላይ የሆነ ጉልበት ይፈልጋል።

መስከረም ውስጥ፣ መርገጥ ስችል፣ ወደ አባቴ አገር ሄድኩ። እናቴ ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ምርኩዝ ይዤ በእግሬ ደረስኩ። ከእናቴ መቃብር ጎን፣ ከራስጌው በኩል፣ አፈሩ ገና ያልጠነከረ አንድ ትንሽ ጉብታ አለ፤ ዙሪያውን በድንጋይ ከበውታል። የሕፃን መቃብር ያህላል። የማን ልጅ ሞተ ብዬ ደነገጥኩ።

"ያንቺ ነው" አሉ አባቴ። "ጣቶችሽ ናቸው።"

"አባባ፣ ለሁለት ጣት ይህን ያህል?"

ድንጋዮቹን በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ።

"ለእግርሽ ብየ ነው የቆፈርሁት። ሐኪሟ ከጉልበት በታች ስትለኝ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብየ ያን ቀን መጣሁ። በራሴ እግር ለካሁት።"

ያለ ስንብት የሄዱት ለዚህ ነበር። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ተስፋ ቆረጡ ስላቸው፣ እሳቸው እዚህ ዶማ ይዘው ነበር።

"እዚህ ለምን? የእኛ ደብር አይቀርብም ነበር?"

"ከእናትሽ አጠገብ ነዋ" አሉ። "ካንቺ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ፣ አንቺ እስክትመጭ ብቻውን እንዳያድር ብየ።"

እዚያው በሁለቱ እግሬ ቆሜ አለቀስኩ። አባቴም እስክጨርስ ጠበቁኝ።